ነጋሪትና ገበያ፤ ኩባንያዎች በማኅበራዊ መገናኛ ስለሚያሰሙት የንግድ ጥሪ የቀረበ ሂስ

ማኅበራዊ መገናኛ ለኩባንያዎች ገበያ ያሰፋል የሚለው አባባል ዛሬ በየሥልጠናው አዳራሽ ይነገራል። አባባሉ በመሠረቱ እውነት ነው። ነገር ግን ከእርሱ ቀጥሎ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ገጽ ክፈቱ፣ ተከታይ አብዙ» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚቃወመው ይህንኑ ምክር ነው። በጎንደርና በአካባቢዋ፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ያሉ ኩባንያዎች በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚያሰሙትን ጥሪ ስንመለከት ዋናው ጉድለት የተከታይ ማነስ ሆኖ አይታይም። ዋናው ጉድለት አዲሱን መሣሪያ በአሮጌው የነጋሪት ልማድ መያዛቸው ነው።

ነጋሪትና ገበያ በአገራችን ጎን ለጎን የኖሩ ናቸው። አዋጅ በገበያ ቀን ይነገር ነበር፤ ሕዝብ የሚሰበሰበው በዚያን ቀን ነውና። ሆኖም አዋጅ ነጋሪው ከገበያው መካከል ቢቆምም ገበያተኛ አልነበረም። እርሱ ይናገራል፤ ሕዝቡ ይሰማል፤ ጥያቄና ክርክር የለም። የገበያተኛው ሥራ ግን ሌላ ነው። በጠዳ ገበያ ጤፍ ይዞ የተቀመጠ ገበሬ፣ ገዢው ከጤፉ ዘግኖ በመዳፉ ላይ እንዲያየው ይፈቅድለታል። «ስንት ነው?» ሲባል ዋጋውን ይናገራል፤ ገዢው ዝቅ ሲያደርግ እርሱ ከፍ ያደርጋል፤ ሲስማሙም ምርቃት ይጨምርለታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሌሎች ገዢዎች ቆመው እየሰሙ ነው። ስለዚህ ለአንዱ የተሰጠው መልስ ለአሥሩም ያገለግላል። «ደንበኛ» ስንልም በዚህ ዓይነት ደጋግሞ የሚመለሰውን ሰው ማለታችን ነው እንጂ፣ ድምፅ የሰማውን መንገደኛ ሁሉ ማለታችን አይደለም።

የኩባንያዎቻችንን ገጾች በዚህ ሚዛን ብንመዝናቸው ምን እናገኛለን? በመጀመሪያ የምናየው የበዓል ሰላምታ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለዒድ አልፈጥርና ለዐረፋ የኩባንያው ዓርማ የታተመበት «እንኳን አደረሳችሁ» ይለጠፋል። ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ወይም ሪባን ሲቆርጥ የተነሣው ፎቶግራፍ ይመጣል። ከዚያም የዕቃው ሥዕል ይታያል፤ ከሥሩም «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚል ቃል ተጽፎ ይገኛል። ከሁሉ በታች የገዢዎች ጥያቄ ተደርድሯል። «ስንት ነው?»፣ «ወደ ጎንደር ትልካላችሁ?»፣ «ሱቃችሁ የት ነው?» የሚሉ ናቸው። ብዙዎቹ መልስ ሳያገኙ ይቀራሉ። ሰላምታ መስጠት የአገር ወግ ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ገዢ ቆሞ ዋጋ እየጠየቀው ባለሱቁ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ላላፊ አግዳሚው ሁሉ «እንኳን አደረሳችሁ» ቢል፣ ያ ሰው ነጋዴ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የመሣሪያዎቹ አሠራርም ይህን ልማድ አይደግፍም። ፌስቡክ አንድ ገጽ የለጠፈውን ሁሉ ለተከታዮቹ ሁሉ አያሳይም፤ መርጦ ያሳያል እንጂ። ሲመርጥም ሰዎች አስተያየት የጻፉበትንና ለወዳጆቻቸው ያጋሩትን ያስቀድማል። ስለዚህ አሥር ሺህ ተከታይ ያለው ገጽ ማንም ቃል የማይመልስበትን ማስታወቂያ ቢለጥፍ የሚደርሰው ለጥቂቶች ብቻ ነው። ከዚያ አልፎ ለመድረስ የሚሻ ኩባንያ ለፌስቡክ መክፈል አለበት፤ ክፍያው ደግሞ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ በመሆኑ ለአነስተኛ ነጋዴ ቀላል አይደለም። ቲክቶክ በበኩሉ ቪዲዮውን ተከታይ ላልሆነ ሰውም ያቀርባል፤ ነገር ግን ተመልካቹ ቆሞ ያላየውን ቪዲዮ ወደ ፊት አያራምደውም። ቴሌግራም ከሁለቱም ይለያል። ወደ አንድ ቻናል የገባ ሰው የተለጠፈውን ሁሉ በተራው ያገኛል፤ አስተያየት የሚጻፍበት ሥፍራ የሚኖረው ግን የቻናሉ ባለቤት የውይይት ቡድን ሲያያይዝለት ነው። ባለቤቱ ይህን ካላደረገ ቻናሉ ፍጹም ነጋሪት ሆኖ ይቀራል። ቴሌግራም በነጋዴዎቻችን ዘንድ እጅግ የተወደደ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎች የአስተያየቱን በር ሳይከፍቱ መተዋቸው በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስለኝም። ጥያቄ የማይሰማበት ቦታ ለሻጭ ይመቸዋልና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተቸው የዋጋ መደበቅ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በሚታይ ሁኔታ እንዲያመለክት ደንግጓል። ታዲያ በሱቁ ውስጥ ዋጋ የሚለጥፈው ነጋዴ በስልክ መስኮት ሲቀርብ ዋጋውን የሚሰውርበት ምክንያት ምንድን ነው? ሦስት ምክንያቶች ሲሰጡ እንሰማለን። አንደኛው፣ ተወዳዳሪ ዋጋችንን አይቶ ይቀንስብናል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል የሚል ነው፤ በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ምክንያት ክብደት አግኝቷል። ሦስተኛው፣ ገዢው በውስጥ መስመር ሲመጣ ለማግባባት ይመቻል የሚል ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት አያሳምንም። ተወዳዳሪውም እንደ ገዢ መስሎ በውስጥ መስመር ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ዋጋው የተሰወረው ከእውነተኛው ገዢ ብቻ ነው። ሁለተኛው እውነትነት አለው፤ ሆኖም መፍትሔው ከዋጋው አጠገብ ቀኑን መጻፍ ነው። በገበያ የጤፍ ዋጋ በጥዋትና በከሰዓት ሊለያይ ይችላል፤ ስለተለያየ ግን አልናገርም የሚል ገበሬ የለም። ሦስተኛው ምክንያት የልብ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። በውስጥ መስመር ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አነጋገሩና እንደ አቅሙ የተለየ ዋጋ መስጠት ይቻላል። መከራከር የቆየ ልማዳችን መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን የገበያ ክርክር በአደባባይ የሚደረግ በመሆኑ ገዢውን የሚጠብቀው ሌላው ገዢ ነበር። ያንን ጠባቂ አስወግዶ ክርክሩን ብቻ ማስቀረት ለሻጩ እንጂ ለገዢው አይበጅም።

ነገሩ የሚያሳስበው ገንዘብ ከዕቃው ቀድሞ መሄድ ስለ ጀመረ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ካስጀመረ ወዲህ በጠዳ የተቀመጠ ሰው አዲስ አበባ ላለ ሻጭ በደቂቃ ውስጥ ሊከፍል ይችላል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ዳሩ ግን በገበያ የተታለለ ሰው በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሻጩን በቦታው ያገኘዋል፤ በቴሌግራም የተታለለው ግን የሚያገኘው የተዘጋ ስልክና የጠፋ ቻናል ሊሆን ይችላል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። ይሁን እንጂ በጥቂት መቶ ብር የተታለለ ሰው ክስ ከመመሥረት ይልቅ ዝም ማለትን ይመርጣል፤ ከዚያ ወዲያም እውነተኛውን ሻጭ ጭምር ይጠረጥራል። ስለዚህ አድራሻውንና የንግድ ፈቃዱን በግልጽ የሚያሳይ፣ በአደባባይም መልስ የሚሰጥ ኩባንያ የሚያተርፈው መልካም ስም ብቻ አይደለም፤ ከአታላዩ የሚለይበትን ምልክት ጭምር ያገኛል።

የጎንደር ሆቴሎችን ጉዳይ ለምሳሌ እንውሰድ። የጥምቀት በዓል በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የገባ ሲሆን፣ ለጎንደር የእንግዳ መቀበያ ዋና ወቅቷ ነው። እንግዳው ክፍሉን ሳያይ በፎቶግራፍ ብቻ ተማምኖ ይከፍላል። ፎቶግራፉ ሆቴሉ በተመረቀበት ዓመት የተነሣ ከሆነና እንግዳው መጥቶ ውኃ የሌለበት ክፍል ካገኘ፣ በገጹ ላይ የሚጽፈው ቃል ለሚቀጥለው ጥምቀትም ይነበባል። የሆቴሉ ባለቤት ቃሉን ቢሰርዘው እንግዳው በራሱ ገጽ ይጽፈዋል። ይህን የሚያስረዳ የታወቀ ታሪክ አለ። የካናዳው ዘፋኝ ዴቭ ካሮል በዩናይትድ አየር መንገድ ሲጓዝ ጊታሩ ተሰበረበት፤ ወራት የፈጀ አቤቱታው ሰሚ ሲያጣ ስለ ጉዳዩ ዘፈን አውጥቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሐምሌ 2009 በዩቲዩብ ለቀቀው። ሚሊዮኖች አዩት። አየር መንገዱ ማስታወቂያ አላነሰውም ነበር፤ ያነሰው በጊዜው የተሰጠ መልስ ነበር።

ለእኛ አካባቢ ደግሞ ከውጭ አገር መጻሕፍት የማይገኝ ሌላ ችግር አለ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆዩ። በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለብዙ ወራት ዘለቀ። ሱቁን በገጹ ላይ ብቻ ያቆመ ነጋዴ በዚያን ጊዜ ሱቅ አልነበረውም። አሥር ሺህ ተከታይ የነበረው ሰው የአንዱንም ስልክ ቁጥር ካልመዘገበ አሥሩንም ሺህ በአንድ ቀን አጣቸው። በደብተሩ የሁለት መቶ ደንበኞች ስምና ስልክ የጻፈው ግን፣ የድምፅ ጥሪ በሚሠራበት ሥፍራ ሁሉ ሥራውን ሊቀጥል ይችል ነበር። ተከታይ የመገናኛው ባለቤት ሀብት ነው፤ ደንበኛ ግን የነጋዴው ሀብት ነው። «ተከታይ አብዙ» የሚለው ምክር ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል።

እንግዲህ በጠዳ ማር፣ ሽምብራ ወይም የበር ብረት የሚሸጥ አነስተኛ ድርጅት ምን ያድርግ? በእኔ አስተያየት አራት ነገሮች ይበቁታል። ዋጋውን ከነቀኑ ይጻፍ። ዕቃውን ከሚዛኑ ጋር፣ ጉድለትም ካለው ከጉድለቱ ጋር፣ በዚያው ሳምንት በተነሣ ፎቶግራፍ ያሳይ። ጥያቄን በተጠየቀበት ሥፍራ በአደባባይ ይመልስ። የገዛውን ሰው ስም በፈቃዱ በደብተር ይመዝግብ። ለእነዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ስልክና በቀን አንድ ሰዓት የሚሰጥ ትጉህ ሰው ነው።

የገበያ ምሳሌው ጠባብ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ባንክ ወይም አየር መንገድ እንደ ጤፍ ሻጭ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ሊነጋገር አይችልም፤ ስሙን ለሚሊዮኖች ማስታወቅም ይኖርበታል። ይህ ተገቢ ተቃውሞ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ግን ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ጋዜጣ ከጥንት ጀምሮ አሉ። ትልቁ ኩባንያ ወደ ማኅበራዊ መገናኛ ሲመጣ፣ የሚመጣው መልስ ወደሚጠበቅበት ሥፍራ መሆኑን አውቆ፣ መልስ የሚሰጡ ሠራተኞች መድቦ መሆን አለበት።

ይህን ሐሳብ በመረጃ መፈተን ለእኛ ለተማሪዎች የሚከብድ አይደለም። የጥናት ወረቀት የምታዘጋጁ ጓደኞቼ በጎንደርና በጠዳ ያሉ ድርጅቶችን ገጾች መርጣችሁ፣ ስንቱ ዋጋ እንደ ጻፈና ለስንቱ ጥያቄ በስንት ቀን መልስ እንደ ተሰጠ ብትቆጥሩ፣ ከዚያም ባለቤቶቹን ስለ ሽያጫቸው ብትጠይቁ፣ ነጋሪቱ ወይስ ገበያው የበለጠ እንደሚሸጥ ይታወቃል። ውጤቱ እዚህ የጻፍሁትን የሚያፈርስ ሆኖ ቢገኝም ለነጋዴው ይጠቅመዋል፤ እስካሁን የተመከረው ማንም ሳይቆጥር ነውና።