ከበሩ በየትኛው ወገን? «ግብረ ሰዶም» በሚለው ቃልና በዘፍጥረት 19 አጠቃቀማችን ላይ የቀረበ ሒስ

በአማርኛችን አንድን ኃጢአት በከተማ ስም እንጠራለን። «ግብረ ሰዶም» ስንል የሰዶም ሥራ ማለታችን ነው፤ «ሰዶማዊ» ስንል ደግሞ ሰውየውን ራሱን የዚያች ከተማ ነዋሪ አድርገነዋል። ቃሉ በስብከትም በመንገድም ስለተለመደ ቆም ብለን አንመረምረውም። አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ጽሑፍ የምጋብዝዎ ወደዚሁ ምርመራ ነው። በቅድሚያ አቋሜን ልግለጽ፤ ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል የተመሠረተ ቃል ኪዳን መሆኑን አምናለሁ፣ አስተምራለሁም። የምተቸው ይህን ትምህርት አይደለም። የምተቸው ለዚህ ትምህርት መከላከያ ብለን ዘፍጥረት 19ን የያዝንበትን መንገድና ያ መንገድ ያደረሰንን ስፍራ ነው።

ጥያቄው የመጣልኝ በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአንድ የቤት ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ነው። ኮልፌ ከጉራጌ፣ ከዶርዜ፣ ከስልጤና ከሌላውም አገር የመጣ ሰው በአንድ ግቢ ብዙ ሆኖ፣ ክፍል ተከራይቶ፣ አንድ የቆርቆሮ በር እየከፈተና እየዘጋ የሚኖርበት ሰፈር ነው። የሰዶምን ታሪክ እንደ ልማዴ አስተምሬ ስጨርስ አንዲት እናት ወደ ኋላ ቀሩ። «መምህር፣ እነዚያ በሩን የከበቡት ሰዎች በደላቸው ምን ነበር?» አሉኝ። ከዚያም አንድ ማታ ጎረምሶች ተሰብስበው የግቢያቸውን በር እንደደበደቡ፣ ስለ አንድ ተከራያቸው ወሬ ሰምተው «አውጪልን» እንዳሏቸው ነገሩኝ። «አልከፈትኩም። በድዬ ይሆን?» በዚያች ምሽት የሚገባውን መልስ አልሰጠኋቸውም።

ክፍሉ ምን ይላል?

ዘፍጥረት 18 እና 19 አብረው መነበብ አለባቸው። በምዕራፍ 18 አብርሃም ከድንኳኑ ደጃፍ ተነሥቶ እንግዶችን ሊቀበል ይሮጣል፤ ለእግራቸው ውኃ ያስመጣል፣ እንጎቻ ያስጋግራል፣ ጥጃ ያሳርዳል። በምዕራፍ 19 ሎጥ ከከተማይቱ በር ተነሥቶ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። የሰዶም ሰዎች ግን ከወጣት እስከ ሽማግሌ ቤቱን ከበው እንግዶቹ እንዲወጡላቸው ይጠይቃሉ። በቁጥር 5 ላይ ያለው «ማወቅ» የሚለው የዕብራይስጥ ግስ ወሲባዊ ፍቺ እንዳለው ቁጥር 8 ያሳያል። የተጠየቀው ግን በቡድን አስገድዶ መድፈር ነው። ሎጥ እንቢ ሲል ቁጣው ወደ እርሱ ዞረ፤ ስደተኛ ሆኖ መጥቶ ሊፈርድብን ነው አሉ። ሎጥ ሴት ልጆቹን አሳልፎ ለመስጠት መፍቀዱም የታሪኩ ሌላ ነውር ነው፤ ልናስተባብለው አይገባም።

መሳፍንት 19 ይህንኑ ታሪክ በእስራኤል ምድር፣ በጊብዓ ይደግመዋል። ሰዎች ቤት ይከብባሉ፣ እንግዳው እንዲወጣላቸው ይጠይቃሉ፤ በመጨረሻም አንዲት ሴት ሌሊቱን ሙሉ ስትደፈር አድራ ከደጃፉ ላይ ወድቃ ትገኛለች። እንዲህም ሆኖ ወንድ ለሴት ያለውን ፍላጎት «ግብረ ጊብዓ» ብሎ የጠራ የለም። በዚያ ታሪክ የተኮነነው ግፉ እንደሆነ ያለ አስተማሪ እንረዳለንና። ይህንኑ ማስተዋል ለሰዶም ስለምን እንነፍጋለን?

ነቢያትና ጌታ ሰዶምን እንዴት አነበቡ?

ሕዝቅኤል 16፥49 የሰዶምን በደል ሲዘረዝር ትዕቢትን፣ ጥጋብን፣ ያለ ስጋት ተዘልሎ መቀመጥንና የድሃውን እጅ አለማበርታትን ይጠቅሳል። ኢሳይያስ በምዕራፍ 1 የይሁዳን አለቆች የሰዶም አለቆች ብሎ የሚጠራው እጃቸው ደም ስለሞላ፣ ለድሃ አደጉና ለመበለቲቱ ስላልፈረዱ ነው። ጌታችንም ሰዶምን የሚያነሣው መልእክተኞቹን በማይቀበሉ ከተሞች ላይ ስለሚመጣው ፍርድ ሲናገር ነው (ማቴዎስ 10፥14-15፤ ሉቃስ 10፥10-12)።

በሚዛኑ ሌላኛው ወገን ያለውንም ላስቀምጥ። ሕዝቅኤል በቁጥር 50 ርኩሰትን ይጨምራል፤ የተጠቀመበት ቃል በዘሌዋውያን 18፥22 ላይም ይገኛል። ይሁዳ 7 እና 2 ጴጥሮስ 2 የሰዶምን ዝሙት በግልጽ ያነሣሉ። ስለዚህ ወሲባዊ ኃጢአት ከታሪኩ ውስጥ የለም የሚለው አተረጓጎም አያሳምነኝም። ነገር ግን ስለ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በቀጥታ የሚናገሩት ክፍሎች፣ ማለትም ዘሌዋውያን 18 እና 20፣ ሮሜ 1 እና 1 ቆሮንቶስ 6፣ ስለዚህ ጉዳይ ሲናገሩ የሰዶምን ስም አያነሡም። የጋብቻ ትምህርታችን የቆመው በዘፍጥረት 2 እና በማቴዎስ 19 ላይ ነው፤ የሰዶም ስም ከመሠረቱ ቢወጣ አንድም ድንጋይ አይናጋም። በተጨማሪም 1 ቆሮንቶስ 6፥9-10ን እስከ መጨረሻው ብናነብ በዚያው ዝርዝር ውስጥ ገንዘብን የሚመኙና ተሳዳቢዎች ተቆጥረዋል። በስድብ ስም ሰውን የሚያሳድድ አማኝ በዚያ ክፍል የራሱም ስም አለ።

ከቃሉ ወደ ደጃፋችን

ቃል ሥራ ይሠራል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታወቀ፤ ኅብረተሰቡም ጥቆማ እንዲሰጥ ጠየቀ። በዚያው ሰሞን በቲክቶክ የሰዎች ፎቶና ስም እየተለጠፈ «እነሆ፣ ያዙት» የሚሉ ቪዲዮዎች ተሠራጩ። ከዘጠነኛው ትእዛዝ አንጻር ይህን እንመዝን። ዘዳግም 19፥15 በአንድ ምስክር ቃል ማንም እንዳይፈረድበት ያዛል፤ እኛ ግን በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ፈረድን። አካሄዱ፣ አለባበሱ ወይም ድምፁ አላማረንም ብለን በሰው ላይ የተላለፈውን ቪዲዮ ለወዳጃችን ስናስተላልፍ በሐሰት መስክረን ሊሆን ይችላል። እውነት እንኳ ቢሆን ሰውየውን ለድብደባ አሳልፈን ሰጥተናል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ በከተማችን በሚኖሩ እንዲህ ባሉ ወንዶች ላይ ያደረጉት ጥናት ሕይወታቸው በምሥጢርና በፍርሃት የተሸፈነ መሆኑን ያሳያል። እነርሱ በመካከላቸው ራሳቸውን የሚጠሩበት ቃል «ዜጋ» ነው። ልብ ይበሉ፤ እኛ የጠፋች ከተማ ሰዎች እንላቸዋለን፣ እነርሱ የዚህች አገር ሰዎች ነን ይላሉ። አብዛኞቹ ደግሞ በክርስቲያን ወይም በሙስሊም ቤት ያደጉ ልጆቻችን ናቸው። ነገሩ ከውጭ የመጣ ነው የሚለው የተለመደ አባባልም አይጸናም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ድርጊቱን ቀድሞውኑ ይቀጣ ነበር፤ ሕግ አውጪ ደግሞ በአገሩ የሌለን ነገር ለመከልከል አይደክምም።

ሦስት ጥያቄዎች

ስብከታችን ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ ማሰሮ ይቀቅላል፤ ይህ ኃጢአት ነው ወይ? ወንጀል ሊሆን ይገባል ወይ? የሚያደርገው ሰው፣ ወይም ዝንባሌው ብቻ ያለው ሰው፣ ከቤትና ከሰፈር ሊባረር ይገባል ወይ? ለመጀመሪያው «አዎን» ማለት ለሦስተኛው «አዎን» ማለት አይደለም። በሥራ ላይ ያለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንኳ በአንቀጽ 629 የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ያውም በፍርድ ቤት፣ በማስረጃ። ዝንባሌን አይቀጣም፣ ለጎረምሳም ዱላ አይሰጥም። ድርጊቱን ይቅርታ ከማያሰጡ ወንጀሎች ጋር ለመመደብ በ2006 ዓ.ም. የቀረበው ሐሳብም ሳይጸድቅ ቀርቷል። ጥያቄዎቹ ተነጣጥለው ሊታዩ እንደሚችሉ ከሕንድ እንማር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንግሊዞች በ1860 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሕግ በፈቃዳቸው በሚገናኙ አዋቂዎች ላይ እንዳይሠራ በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. ወሰነ፤ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ግን ለተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ዕውቅና ከመስጠት ተቆጠበ። ሰውን ከግፍ መጠበቅ የጋብቻን ትርጉም መለወጥ ነው የሚለው ፍርሃት እንግዲህ የግድ አይደለም።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ2005 ዓ.ም. ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካው ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት ማቋረጧን ብዙዎቻችን በአድናቆት እንጠቅሳለን። አቋሙ ግልጽ ነበር፣ ዋጋም አስከፍሏል። ለባሕር ማዶ አጋር የተናገርነው ቃል ግን በግቢያችን ለሚኖረው ልጅ መልስ አይሆንም። ባሕር ማዶ ላለው «አይሆንም» ስንል ደፋሮች ነን። በራሳችን መዘምራን መካከል ተቀምጦ ሌሊት የሚያለቅሰውን ወጣት «ና፣ ንገረን፣ አንጥልህም» ለማለት ግን ድምፃችን ይሰልላል። ምሥጢሩን ለእረኛ የነገረ ልጅ በሚቀጥለው እሑድ የስብከት ምሳሌ ሆኖ ራሱን ሲሰማ፣ ከዚያ ወዲያ ለማን ይናገራል?

ስለዚህ የሚሰብኩና የሚያስተምሩ አንባቢዎችን የምለምነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስለ ድርጊቱ ስናስተምር በሌዋውያንና በጳውሎስ ቃል እንናገር እንጂ ሰውን በጠፋች ከተማ ስም አንጥራ። ሁለተኛ፣ ሕፃናትን የሚደፍርን ወንጀለኛና ይህ ዝንባሌ ያለውን ሰው አንድ አድርገን አንናገር፤ ይህም የሐሰት ምስክርነት ነው። ሦስተኛ፣ በማንኛውም ሰው ላይ የሚደርስ ድብደባ፣ ማስፈራራትና ከቤት ማባረር ኃጢአት መሆኑን ከመድረክ በግልጽ እንናገር። ሰዶም በእርግጥ በመካከላችን አለች ብንል እንኳ አባታችን አብርሃም ስለዚያች ከተማ ቆሞ ከሃምሳ ጻድቃን እስከ አሥር እየቀነሰ ለመነ እንጂ ድንጋይ አላነሣም።

ያቺን እናት ቆይቼ አገኘኋቸው። ያን ምሽት ልሰጣቸው የሚገባኝን መልስ ያኔ ሰጠኋቸው፤ «አልበደሉም፣ እማማ። በዚያች ሌሊት ከበሩ በውስጥ በኩል የነበሩት እርስዎ ነዎት»። እርሳቸውም፣ «ታዲያ ውጭ የነበሩትን ማን ያስተምራቸው? ሁለቱ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው» አሉኝ። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጥያቄ ለእኔና ለእርስዎ ነው።