የሐበሻ ዶሮ በጠባብ ግቢ፦ መልካም እርባታ የሚታወቅባቸው ምልክቶች

ቀኑን ሙሉ በግቢ ስትጭርና ስትለቅም ውላ ማታ ወደ ቆጧ የምትመለሰው የሐበሻ ዶሮ በአካሏ ትንሽ ናት፤ ያደገች እንስት ክብደቷ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም። በሌላው ዓለም ባንታም የሚባሉት ድንክ ዶሮዎች በአመዛኙ ለውበት ሲረቡ፣ የሐበሻዋ ዶሮ ግን እንቁላሏን ራሷ ታቅፋ የምትፈለፍል፣ ጫጩቶቿን የምትመራና ከጭልፊት የምትጠብቅ በመሆኗ፣ የአርቢው ሙያ የሚመዘነው በላባ ማማር ወይም በእንቁላል ብዛት ብቻ ሳይሆን ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ስንቱ ለቄብነትና ለአውራነት እንደደረሱ በማየት ነው። ቄብ የሚባለው እንቁላል መጣል ያልጀመረች ወጣት እንስት ናት።

ይህ እርባታ በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ረጅም ዕድሜ አለው። በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ለመንግሥት ሠራተኞች በተሠሩ ቤቶች የተጀመረው የካዛንቺስ ሰፈር ከጊዜ በኋላ በቆርቆሮ አጥር የተከለሉ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚጋራቸው ግቢዎች ሞልተውበት ስለነበር፣ ጥቂት ዶሮ ማርባት ለብዙ ቤት የተለመደ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከነዋሪው ብዙው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች አካባቢዎች በመዛወሩ ዕውቀቱም ከባለቤቶቹ ጋር ተበትኗል፤ ስለዚህ መልካሙ ሥራ በምን እንደሚታወቅ በጽሑፍ ማስቀመጥ ዛሬ ከምንጊዜውም የበለጠ ያስፈልጋል።

ምዘናው ከዶሮዋ አካል ይጀምራል። ብዙ ገዢ አስቀድሞ የሚያየው መልክ ነው፤ ገብስማ፣ ቀይ፣ ወሰራ፣ ነጭና ጥቁር እየተባለ በላባው ቀለም የሚጠራው ዶሮ በበዓል ገበያ ዋጋው እንደ መልኩ ይለያያል። ዐዋቂ ግን ቀለሙን ትቶ ደረቱን ይዳስሳል፤ የደረቱ አጥንት እንደ ስለት ከወጣ ዶሮው ተርቧል ወይም ታሟል፣ በግራና በቀኙ ሥጋ ከያዘ ግን በሚገባ ተቀልቧል ማለት ነው። ከዚያም ዓይኑ የጠራ፣ አፍንጫው ደረቅ፣ የእግሩ ቅርፊት የተስተካከለ መሆኑን ያያል፤ ቅርፊቱ ሻክሮ ከተነሣ ጥቃቅን ተባዮች ከሥሩ ገብተዋል። በክንፉ ሥርና በኩሱ መውጫ ዙሪያ ያለውን ላባ ገልጦ ቅንቅን መኖሩን መመርመር የመጨረሻው እርምጃ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ አውራው ነው። በብዙ ቤት ከሁሉ የሚያምረውና የሚከብደው አውራ ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ስለሚሸጥ፣ ለዘር የሚቀረው ያልተፈለገው ይሆናል፤ ይህም ዓመት በዓመት ሲደጋገም የመንጋውን ዘር ያሳንሳል። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በ2008 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጀመረው የሆሮ ዶሮ ማሻሻያ በክብደትና በእንቁላል ብዛት የተሻሉትን እየመረጡ ለዘር ማስቀረት የአገር ዶሮን ውጤት ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። የግቢ አርቢም በዓሉ ሲደርስ የትኛውን አውራ እንደሸጠ ሳይሆን የትኛውን እንዳስቀረ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ያስቀረውም በዚያው ግቢ ካሉት እንስቶች ጋር ዝምድና የሌለው ቢሆን ይመረጣል።

ሦስተኛው ማደሪያው ነው። ቆጥ ዶሮዎች የሚያድሩበት ከመሬት ከፍ ያለ እንጨት ሲሆን፣ ጥሩው ቆጥ እግር አጥብቆ ሊይዘው የሚችል ውፍረት ያለው፣ ነፋስ የሚዘዋወርበት፣ ከዝናብ የተጠለለ፣ ሌሊት ሸለምጥማጥና ድመት የማይገባበት ነው። ወደ ማደሪያው ሲጠጉ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለ ኩሱ አልተጠረገም፤ ቦታ በሚያንስበት የከተማ ግቢ ደግሞ ይህ ሽታ ጎረቤትን ስለሚያስቸግር፣ ግቢው ከሚችለው በላይ ዶሮ አለመያዝ ራሱ የሙያ ምልክት ነው።

ምግቡም ይታያል። ለቅሞ የሚበላ ዶሮ ከመሬት ትልና ቅጠል ቢያገኝም፣ በተነጠፈ ወይም በተጠረገ ግቢ ይህ ስለሚያንስ የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻውን አይበቃም፤ ጥሬ እህል ኃይል፣ ፋጉሎ (የኑግ ዘይት ሲጨመቅ የሚቀረው ተረፈ ምርት) ገንቢ ምግብ፣ ተወቅጦ የሚሰጥ የእንቁላል ቅርፊት ደግሞ ካልሲየም ይጨምራሉ። ልፍስፍስ ቅርፊት ያለው እንቁላል የካልሲየም ጉድለት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና መታቀፍ ነው። የሐበሻ ዶሮ በባህላዊ አያያዝ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል፣ የፈረንጅ ዶሮ ከ250 በላይ ልትጥል ትችላለች፤ ሆኖም የሐበሻዋ በመታቀፍና ጫጩት በማሳደግ የምታሳልፈው ጊዜ መጣሉን እንደሚያቋርጥ ካልታሰበ ንጽጽሩ ያሳስታል። ጥሩ አርቢ ለማቀፊያ የሚመርጠው አዲስ፣ ንጹሕና መካከለኛ መጠን ያለውን እንቁላል ነው፤ ጭድ የተነጠፈበትን ጎጆ ጨለማና ጸጥታ ባለበት ቦታ ያኖራል፣ ከሳምንት በኋላም እንቁላሉን በብርሃን እያየ ጽንስ ያልያዘውን ያወጣል። በ21ኛው ቀን የተፈለፈሉትን ጫጩቶች ወዲያው ወደ ግቢ አይለቃቸውም፤ ከእናታቸው ጋር በቅርጫት ሥር ወይም በጥብቅ ቤት ያቆያቸዋል። በባህላዊ እርባታ እስከ ግማሽ የሚሆኑት ጫጩቶች ሁለት ወር ሳይሞላቸው ስለሚያልቁ፣ ሁለት ወር አልፎ የቆመው ቁጥር ከማንኛውም ውበት ይልቅ የአርቢውን ትጋት ይናገራል።

ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት የሚያፈርሰው ፈንግል ነው። ፈንግል የዶሮዎችን አንገት የሚያጣምም፣ አረንጓዴ ተቅማጥ የሚያስከትልና መድኃኒት የሌለው የቫይረስ በሽታ ሲሆን፣ ከበዓል ገበያ በተገዙ ዶሮዎች ከሰፈር ሰፈር ይዛመታል። መከላከያው ክትባት በቢሾፍቱ የሚመረት በመሆኑ፣ አርቢ ዶሮዎቹ መቼ እንደተከተቡ ተጠይቆ መመለስ ካልቻለ፣ አዲስ የገዛውንም ዶሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው ካላቆየ፣ ቀሪው ሁሉ ቢሟላለት እንኳ ሥራው ጎደሎ ነው።

እንግዲህ የሐበሻ ዶሮ ሊገዛ ወይም ስለ እርባታው ሊፈርድ የሚወድ ሁሉ ስለ መልኩ ከመጠየቁ በፊት ደረቱን ይዳስስ፣ ቆጡን ይይ፣ የክትባቱን ቀን ይጠይቅ፣ የተፈለፈሉትንና ያደጉትን ጫጩቶች ያመሳክር። እነዚህ አራቱ ከተሟሉ እርባታው መልካም ነው፤ ከጎደሉ ግን የአውራው ውበት ጉድለቱን አይሸፍነውም።