የኬቲ እናት የት ናት?

«አዶለሰንስ»ን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ኔትፍሊክስ ላይ በወጣበት ሰሞን፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ፣ ብቻዬን። ሁለተኛ ሰንበቴ፣ ላፕቶፑን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ለእናቴ በኦሮምኛ እየተረጎምኩላት። ይህን ያጻፈኝ ሁለተኛው ነው። (ያላያችሁት ካላችሁ መጨረሻውን እናገራለሁ፣ ይቅርታ።)

ጄሚ ሚለር የ13 ዓመት ልጅ ነው። ፖሊስ በማለዳ በር ሰብሮ ገብቶ፣ ኬቲ የምትባል የትምህርት ቤቱን ልጅ በስለት ገድለሃል ብሎ ይይዘዋል። ጃክ ቶርንና ስቴፈን ግሬም ጻፉት፣ ፊሊፕ ባራንቲኒ አዘጋጀው። አራት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ካሜራው አንዴም ሳይቋረጥ የተቀረጸ። ስለ ቀረጻው ብዙ ስለተባለ አልደግመውም። እኔን የነካኝ፣ ካሜራው ስለማይቆረጥ አባትየው ፊቱን የሚያዞርበት ቦታ ማጣቱ ነው። የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ኤዲ (ራሱ ግሬም ነው የሚጫወተው) ልጁ ጎን ተቀምጦ የሲሲቲቪውን ቪዲዮ ያያል። እስከዚያች ደቂቃ ልጁ አላደረግኩም ብሎት አምኖታል። ቪዲዮው ሲያልቅ ጄሚ ሊነካው እጁን ሲዘረጋ ይሸሸዋል። ከዚያ ያቅፈዋል። ስለ ወላጅና ስለ ልጅ ወንጀል ካየሁት ሁሉ እንደዚህች ሽሽት እውነት የመሰለኝ የለም።

እናቴ ግን እዚህ ላይ አላለቀሰችም። «የልጅቷ እናትስ?» አለች።

«ቆይ፣ ትመጣለች» አልኳት።

አይቼው ነበር እኮ! አራቱንም ክፍል ጨርሼ፣ ለጓደኞቼ እዩት ብዬ ለፍፌ፣ የኬቲ እናትም አባትም አንዴ እንኳ ብቅ እንደማይሉ ልብ አላልኩም። ሁለተኛው ክፍል ላይ ጄድ የምትባል ጓደኛዋ አለች፣ በንዴትና በለቅሶ መሃል። አንዷ መርማሪም ሰው የሚያስታውሰው ገዳዩን እንጂ ሟቿን አይደለም ብላ ታማርራለች። ልክ ናት። ግን ጸሐፊዎቹ ይህን በፖሊሷ አፍ ካናገሩ በኋላ ራሳቸው ያንኑ ያደርጋሉ። ጥፋትን አስቀድሞ መናዘዝ ጥፋቱን አያስቀረውም።

አራተኛው ክፍል ከ13 ወር በኋላ ነው፣ ኤዲ 50 ዓመት በሚሞላበት ቀን። መኪናው ላይ ስድብ ተጽፎበታል። ቀለም ፍለጋ ይሄዳሉ፣ መንገድ ላይ ጄሚ ከታሰረበት ደውሎ ጥፋተኛ ነኝ ልል ነው ይላቸዋል። ከዚያ ባልና ሚስት መኝታ ቤት ቁጭ ብለው ወደ ኋላ ይፈትሻሉ። ኤዲን አባቱ ይገርፈው ነበር፤ እኔ ልጆቼን አልመታም ብሎ ምሎ፣ ቃሉን ጠብቋል። ኮምፒውተር ገዙለት፤ ክፍሉ ውስጥ ስላለ ደህና ነው ብለው አሰቡ።

ይህን ፍለጋ አውቀዋለሁ። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ሎግ ከፍተን ጥፋቷን መስመር እስክናገኝ ወደ ላይ እንሄዳለን። ተከታታዩ በወጣ ሰሞን ሰው ሁሉ መስመሯን ያገኘ መስሎት ነበር፦ ኢንስታግራም፣ ኢሞጂ፣ አልጎሪዝም። እኔ የምሠራውን ዓይነት ነገር ማለት ነው፤ ከደሙ ንጹሕ ነኝ አልልም። ቶርንና ግሬም ግን ከተመልካቾቻቸው ይሻላሉ። ኤዲና ማንዳ ሲፈልጉ ሲፈልጉ አንዲት መስመር አያገኙም። ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ከዚያ። ለወላጅ ከዚህ የከፋ መልስ የለም፣ ደራሲዎቹም አላቀለሉትም።

እናቴ እነሱን እያየች «ሽማግሌ አልላኩም እንዴ?» አለች። ምን ብዬ ልተርጉምላት?

በእኛ አገር ሰው ሲገደል ጉዳዩ የገዳዩ ብቻ አይሆንም። ዘመዱ ሁሉ ከሟች ወገን ዓይን ይርቃል፣ ሽማግሌ ገብቶ ጉማው እስኪወሰን። ወሎ ውስጥ አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች አንዱ ሥራቸው ይኸው ነው። ከ2013ቱ የአጣዬ ቃጠሎ ወዲህ ደግሞ፣ አንድ ጎረምሳ ያጠፋው ጥፋት የብሔር ጠብ ለመሆን ብዙ እንደማይፈጅ ማንም ያውቃል። ልጅ ሳለሁ የአንድ ጎረቤታችን ልጅ በጠብ መሃል እኩያውን በጩቤ ገደለ። ልጁ ተፈርዶበት ታሰረ። አባትየው የእሁዱን ገበያ ተወ። ሰንበቴ ውስጥ እሁድን መተው ምን ማለት እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል፤ አፋሩም አርጎባውም አማራውም ኦሮሞውም የሚገናኝበት ቀን ነው። ሽማግሌዎች ለወራት ተመላለሱ፣ ዘመድ ገንዘብ አዋጣ፣ እርቅ ወረደ። በዚያ ሁሉ ጊዜ «ልጅህ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ስለመኖሩ አልሰማሁም። ኤዲ መኝታ ቤት ውስጥ ያወጣውን ያህል ቃል ያ ሰው አላወጣም።

ስለዚህ የእኛ ይሻላል ልል አይደለም። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን «ድፍረት» አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1996 ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ፍርድ ቤት ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ ነጻ ሲያወጣት፣ ሽማግሌዎች ግን ከመንደሯ እንድትርቅ ወሰኑ። ፊልሙ ውስጥ ዛፍ ሥር ስለ እሷ የሚነጋገሩት ወንዶች ናቸው። የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የአዲስ አበባው ምረቃ በፍርድ ቤት እግድ የቆመው እውነተኛዋ ባለታሪክ ከስሳ ነው። እሷም ታሪኳ ሲነገር አልነበረችበትም ማለት ነው።

ግን ሽምግልና የቱንም ያህል ቢጎድለው፣ የሟች አባት በሌለበት አይጀመርም። ኤዲ መጨረሻ ላይ ጄሚ ክፍል ገብቶ፣ የልጁን አሻንጉሊት ድብ አልጋ ላይ አስተኝቶ፣ ልጁን ይቅርታ ይጠይቃል። የመጀመሪያ ጊዜ አልቅሼ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ከእናቴ ጋር ሳየው፣ ለኬቲ ቤተሰብ አንዲት ቃል ቢያስብ አልኩ። ሄዶ በሩን እንዲያንኳኳ አይደለም፣ በሩ ሊዘጋበት ይችላል፤ ያ በር መኖሩን እንዲያውቅ ብቻ።

የጎረቤታችን ሰውዬ አሁን እሁድ ይወጣል። የሟች አባትም ይወጣል። ሰላም ይባባላሉ ወይ ብዬ እናቴን ጠየቅኳት።

«ይባባላሉ» አለችና ላፕቶፑን እንዳነሳላት በእጇ አመለከተችኝ፣ ወንበሩን ፈልጋው።