የፑሪ አማልክትና የጠራቢው እጅ

በስደት በምንኖርባቸው ከተሞች ሙዚየሞች የሕንድን የእንጨት አማልክት በመስተዋት ውስጥ ስናይ፣ ምን እንደ ጎደለ ልንጠይቅ ይገባል።

በኦዲሻ፣ በፑሪ ቤተ መቅደስ የሚመለኩት ጃጋናት፣ ወንድሙ ባላባድራና እኅታቸው ሱባድራ ከኒም ግንድ የተጠረቡ ናቸው። ዓይናቸው ግዙፍ ነው፤ መዳፍና እግር ግን የላቸውም። የግሪክን ሐውልት መለኪያ ያደረገ ሐያሲ ያልተጨረሰ ሥራ ይለው ይሆናል። ለምእመናኑ ግን ቆብ የሌለው ዓይን የማያንቀላፋ ጠባቂ ምልክት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ2015 እንደተደረገው፣ አሮጌዎቹ ምስሎች ተቀብረው በአዲስ ይተካሉ። እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ሙያው ግን ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። እንግዲህ እኛ ቅርስ የምንለው ግንዱን ብቻ ሳይሆን የጠራቢውን እጅ ነው። ጠራቢውን ዘንግቶ እንጨቱን የሚጠብቅ ሙዚየም፣ ልብሱን ይዞ ባለቤቱን እንደ ረሳ ይቆጠራል።