ሶቅራጥስ በድሆች ሰፈር

አሜሪካዊው ደራሲ ኧርል ሾሪስ ለድሃ ጎልማሶች ፍልስፍና ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995፣ በኒው ዮርክ ሎወር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር ነበር። ክሌመንቴ በሚል ስም በታወቀው በዚህ ትምህርት የሞራል ፍልስፍና፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክ፣ ሥነ ጥበብና ሎጂክ ይሰጡ ነበር። ሾሪስ ሙከራውን በ1997 በሃርፐርስ መጽሔት ተረከው፤ በ2000 ደግሞ «ሀብት ለድሆች» ልንለው በምንችል ርእስ በመጽሐፍ አስፋፍቶ አወጣው።

ክርክሩ ይህ ነው። የአሜሪካ ድሃ በኃይል ተከቧል፤ ረሃቡ፣ በሽታው፣ የቤት አከራዩ፣ ፖሊሱ፣ ዘረኝነቱ በአንድነት ሲገፉት ቆም ብሎ የሚያስብበት ፋታ አያገኝም። ሳያስብ ደግሞ በሰፈሩም ሆነ በከተማው ጉዳይ ድምፅ ሊኖረው አይችልም። ስለሆነም የእጅ ሙያ ሥልጠና ብቻውን ከዚህ ከበባ አያወጣውም።

በሾሪስ የማከብረው ትምህርቱን ለድሃ ብሎ አለማቅጠኑን ነው። ሀብታሞች የሚማሩትን ስላልተማራችሁ ተታልላችኋል ብሎ ፊት ለፊት ነግሯቸዋል። ደግሞም ለተማሪዎቹ የምድር ባቡር ቶክን ይታደል ነበር። የፕላቶን ዋሻ ለመጎብኘት መጀመሪያ ክፍሉ ድረስ መሄጃ ያስፈልጋላ!

ከጽሑፉ በብዙዎች ዘንድ የተወደደው የአንድ ተማሪ ታሪክ ነው። ተማሪው በሥራ ቦታ ባልደረባው አበሳጭታው እጁን ሊያነሳባት ሲቃጣ፣ ሶቅራጥስ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ብሎ ራሱን ጠየቀና ተወው። መልካም አደረገ። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ትዕግሥት አሠሪም ይወደዋል፤ ከድህነት ጋር የሚደረገው ትግል ገና አልተጀመረም።

እኛ የጎልማሶችን ትምህርት የምናውቀው በሌላ በር ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሮ እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን ሽልማት አስገኝቷል። ያ መንግሥት ሕዝቡ እንዲያነብ ፈለገ፤ አንብቦ እንዲጠይቀው ግን አልፈለገም። በስደት ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። አገሩ ፍልስፍና ያጠና ሰው እዚህ የመኪና ማቆሚያ ቲኬት ሲሰጥ ያድራል። ይህ ሰው ማሰብ አልጎደለውም፤ የጎደለው ዲግሪውን ቆጥሮ የሚቀጥረው ነው። የሾሪስ ክርክር የሚላላው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በሩን ከውጭ የዘጋው ማን እንደሆነ እያወቀ፣ መክፈቻውን የሚፈልገው ከውስጥ ነው።

ውጤቱ ግን የሚናቅ አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ 16 ተመራቂዎች መካከል 10ሩ ከዓመት በኋላ በአራት ዓመት ኮሌጅ ወይም በነርስ ትምህርት ቤት ነበሩ፤ አራቱ በባርድ ኮሌጅ ሙሉ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተዋል። የቀሩትም፣ ከአንዲት ሴት በቀር፣ ይማሩ ወይም ሙሉ ቀን ይሠሩ ነበር። እርሷ ከምትሠራበት ፈጣን ምግብ ቤት ተባርራለች፤ ጥፋቷ የሠራተኞች ማኅበር ለማቋቋም መሞከሯ ነው።

ሾሪስ ይህችን ሴት የሚያነሳት እንደ ዋዛ፣ ምናልባትም በኩራት፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ግን መጽሐፍ የሚገባት እርሷ ነበረች እላለሁ። መምህሩ ያስተማረውን ቃል በቃል የፈጸመች፣ አስባ ከሌሎች ጋር ልትቆም የተነሳች፣ ዋጋውንም በደመወዟ የከፈለች እርሷ ናት። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰች ጽሑፉ አይነግረንም።