የሌሊቱ ጡጦ

የትንሽ ልጅ አፍ ስመረምር ቀድሜ የላይኛውን ከንፈር ከፍ አደርጋለሁ። የላይኞቹ አራት የፊት ጥርሶች ከድዱ ሥር ተበልተው የታችኞቹ ነጭ እንደሆኑ ከቀሩ፣ ቤቱ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር ከሞላ ጎደል ገብቶኛል። ጡጦ የሚጠባ ልጅ ምላሱ የታች ጥርሶቹን ይሸፍናቸዋል፤ ከምላስ ሥር የሚመነጨውም ምራቅ ያጥባቸዋል። የላይኞቹ ላይ ግን ስኳር የገባበት ወተት ወይም ሻይ እንደተኛ ያድራል። በእንቅልፍ ሰዓት ምራቅ ይቀንሳል፣ ባክቴሪያዎቹ ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፣ የወተት ጥርስ ሽፋን ደግሞ ከቋሚው ይልቅ ስስ ነው።

ይህን ማስረዳት ጊዜ አይፈጅም። «ሌሊት ጡጦ አትስጪው» ማለትም ቀላል ነው፤ ግን እንቅልፍ ለተረፈው ሰው የሚሆን ምክር ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት እናቶች ብዙዎቹ የሚኖሩት በአንዲት ክፍል ኪራይ ቤት ነው። ልጁ ሌሊት ካለቀሰ አባትየው ይነቃል፣ ትልቋ ልጅ ትነቃለች፣ በማግስቱ የአከራይዋ ፊት ይጠቁራል። እናትየው ንጋት 11 ሰዓት ተነስታ የታክሲ ሰልፍ መያዝ አለባት። ጡጦው ይህን ሁሉ ጸጥ ያሰኘዋል። ስለዚህ ስለ ጥርሱ ከመናገሬ በፊት ስለ ቤቱ እጠይቃለሁ። ከማን ጋር ነው የሚተኛው? ቀን ማን ይይዘዋል? ጡጦውን የሚያዘጋጀው ማን ነው?

መልሱ ሲመጣ መወነጃጀል ይጀመራል። አባት ዞሮ እናትን ያያል፣ እናት «ሠራተኛዋ ናት» ትላለች፣ አያት አብረው ከመጡ ደግሞ «ልጄ፣ እኛ ስንቱን ስናሳድግ የጥርስ ሐኪም መች አወቅን?» ይሉኛል። (እማማ በከፊል ልክ ናቸው፤ ያኔ ከረሜላና ለስላሳ በየሱቁ በር ላይ አልተደረደረም ነበር።) እዚህ ላይ አሃዝ ይጠቅመኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱ የወተት ጥርሳቸው የተቦረቦረ ልጆችን ቁጥር ወደ 514 ሚሊዮን ገምቶታል። በእንግሊዝ አገር እንኳ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ሆስፒታል የሚገቡበት ቀዳሚ ምክንያት የጥርስ መቦርቦር ነው። ቁጥሩን የምነግራቸው እንዳይሸማቀቁ ነው። የተሸማቀቀች እናት እውነቱን አትነግረኝም፤ እውነቱን ካላወቅሁ ደግሞ ዛሬ አንዱን ስሞላ ነገ ጎረቤቱ ይበሰብሳል።

«የወተት ጥርስ አይደል? ይረግፋል እኮ» የሚለውንም እሰማለሁ። የፊቶቹ ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ይረግፋሉ፤ መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10፣ አንዳንዴም እስከ 12 ዓመት ይቆያሉ። የ4 ዓመት ልጅ በዚህ መንጋጋ ገና ስንት ዓመት ሊበላ ነው? ወላጆች «ምግብ እምቢ አለ» ብለው ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ ሲገዙ ይከርማሉ፤ ልጁ የሚሸሸው ማኘኩን ነው፣ ሽሮፑም ጣፋጭ ነው። በሕመም ሲነሳ ቤቱ በሙሉ ይነሳል። ጉንጩ ያበጠ ቀን እናት ከሥራ ትቀራለች፤ የቀን ሠራተኛ ከሆነች የዚያ ቀን ገቢ የለም። መግሉም ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል።

ሕፃኑን ወንበሩ ላይ ብቻውን አላስተኛውም። ከእናቱ ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥመን እንቀመጣለን፤ እግሮቹ የእሷን ወገብ አቅፈው ራሱ እኔ ጭን ላይ ያርፋል። ያለቅሳል፤ ሲያለቅስ አፉ ይከፈታል። እናቱም እኔ የማየውን ታያለች። በድዱ ጠርዝ የምትሄድ ኖራ የመሰለች መስመር ከሆነች ገና ነው፣ ልትመለስ ትችላለች። ጉድጓድ ከሆነ ግን አንዱ አማራጭ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ ነው። ያለ መርፌና ያለ መሰርሰሪያ ይቀባል፣ መቦርቦሩንም ብዙ ጊዜ ያስቆማል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ከአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። ሲገኝ፣ የ2 ዓመት ልጅ ይዤ ከምሰረስር እሱን እመርጣለሁ። ነገር ግን የተበላውን ቦታ ያጠቁረዋል። ስለዚህ ፎቶ ሳላሳይ፣ «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው በደንብ ሳይወራ፣ አልቀባም።

ከዚያ ድርድሩ ይቀጥላል። ዓመት ያለፈው ልጅ ከሆነ ጡጦውን ዛሬውኑ ጣሉት አልልም። መጀመሪያ ስኳሩ ይውጣ። ቀጥሎ የሌሊቱ ወተት በውኃ እየቀጠነ ይሂድ፣ በኋላም ውኃ ብቻ ይሁን። ጥቂት ሌሊት ለቅሶ ይኖራል፤ አከራይዋን አስቀድማችሁ ንገሯት እላለሁ። ከመኝታ በፊት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ይቦረሽ፤ ከ3 ዓመት በታች ላለው የሩዝ ፍሬ የምታክል ትበቃዋለች። ወንጂ ወይም መተሐራ ያደጉ አባቶች እዚህ ላይ ይቃወሙኛል፤ የራሳቸውን ጥርስ ቡናማ ያደረገው የውኃው ፍሎራይድ መሆኑን ያውቃሉ። ስጋታቸው ከመሬት አልተነሳም። እነሱ በልጅነታቸው ለዓመታት የጠጡትና ይህች የሩዝ ፍሬ ግን በመጠን አይገናኙም።

ለቀጣዩ ቀጠሮ ሞግዚቷንም ይዛችሁ ኑ እላለሁ። ለሥራ የሚሆነውን ጥያቄ የምትጠይቀኝ እሷ ናት፤ «ጥርሱን ነክሶ እምቢ ሲልስ ምን ላድርግ፣ ዶክተር?» ከኋላው ተቀመጪና ራሱን ደረትሽ ላይ አስደግፊው። ጣትሽን በጉንጩና በድዱ መካከል እስከ መጨረሻው መንጋጋ ጀርባ አስገቢ፤ እዚያ ጥርስ ስለሌለ አይነክስሽም፣ አፉም ይከፈታል። ከላይኞቹ ጀምሪ።