የወንዝ ራስጌና ግርጌ

ኪነ ጥበብ የኅብረተሰብ ኑሮ ነጸብራቅ ነው የሚለው አባባል ተደጋግሞ ይሰማል። ነጸብራቁ ከየት ወገን ሆኖ ሲታይ እንደሆነ ግን የሚጠየቀው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ሥነ ቃል ይህን ጥያቄ ከጽሑፍ ቀድሞ አንሥቶታል። በተረቱ ጅብና አህያ ከአንድ ወንዝ ሊጠጡ ወረዱ፤ ጅቡ ከራስጌ፣ አህያዋ ከግርጌ ቆሙ። ጅቡ «ውሃውን ስለምን ታደፈርሺብኛለሽ?» ቢላት፣ ውሃ ሽቅብ እንደማይፈስ፣ ክርክሩም ፍርድ የሚገኝበት እንዳልሆነ ታውቃለችና «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» አለችው። በዚህ ተረት ወንዝ የመልክዓ ምድር ጌጥ አይደለም። የሚያደፈርሰውና የደፈረሰውን የሚጠጣው የተሰለፉበት የኑሮ ግንኙነት ነው።

ከዚህ አንጻር ሲመዘን፣ የዘመናዊው ኪነ ጥበብ ስለ ወንዝ ያለው አመለካከት በአመዛኙ የራስጌ አመለካከት ነው። ግጥሙም፣ ዘፈኑም፣ ሥዕሉም ወንዝን ሲያነሣ ምንጩን፣ ፏፏቴውንና ግርማውን ያነሣል። የገብረ ክርስቶስ ደስታ «ሀገሬ» የአገርን ተፈጥሮ በናፍቆት ዐይን ያያል፤ የእጅጋየሁ ሽባባው «ዓባይ» ወንዙን በውበቱ ያወድሳል። ሰው የማይወደውን አይጠብቅምና እነዚህ ሥራዎች የሚነቀፉ አይደሉም። ጉድለቱ ያለው እነርሱን ተከትሎ በሚመጣው ድግግሞሽ ላይ ነው። ውዳሴ ያለ ጥያቄ ሲደጋገም፣ ወንዙ ከሚጠጣው፣ ከሚያጠጣበትና ከሚታመምበት ሰው ተነጥሎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

ሌላ መንገድ መኖሩን ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» አሳይተዋል። በዚያ ልብ ወለድ መሬት የታሪኩ ምንጣፍ ብቻ አይደለም፤ ግብር ነው፤ የገባርና የጌታ ግንኙነት ነው። በአበጀ በለው መሪነት ገበሬው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲነሣ፣ ስለ አገሩ መልክ የተነገረውና ስለ ኑሮው ፍትሕ የተነሣው ጥያቄ አንድ ይሆናሉ። መሬት በልብ ወለዱ ያገኘውን ዐይን ወንዝ ገና በሚገባ አላገኘም።

የወንዙ ግርጌ በጉልህ የሚታይበት አንዱ ስፍራ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ ነው። ከእንጦጦ የሚነሡ እንደ ቀበናና ቀጨኔ ያሉ ወንዞች ከተማውን አቋርጠው ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳሉ። ትንሹ አቃቂ ደግሞ በምዕራብ በኩል የመኖሪያ ሰፈሮችንና የቆዳ ፋብሪካዎችን እየታከከ ይመጣል። ሁለቱም በአባ ሳሙኤል ግድብ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይጓዛሉ። በመንገዳቸው የመጸዳጃ ቤቱን፣ የጋራዡንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ይቀበላሉ። በአንጻሩ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚቀዳው ውሃ በቧንቧ እየተገፋ ወደ ከተማው ይወጣል። እንግዲህ በተረቱ የማይሆነው ነገር ዛሬ በኤሌክትሪክ ኃይል ሆኗል፤ ንጹሑ ሽቅብ ይገፋል፣ ቆሻሻው ቁልቁል ይፈስሳል። ተቃርኖ የድራማ ነፍስ ነው ለሚል ጸሐፌ ተውኔት ከዚህ የበለጠ መነሻ አያሻውም።

በየካቲት 2011 ዓ.ም ይፋ የሆነው «ሸገርን ማስዋብ» የተባለው ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እንዲያለማ የታቀደ፣ 29 ቢሊዮን ብር ይፈጃል የተባለ ነበር። ይህ ሥራ የምህንድስና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን አደባባይ የወጣ የኪነ ጥበብ ሥራም ስለሆነ፣ ሒስ ሊቀርብበት ይገባል። የወዳጅነት ፓርክና የእንጦጦ ፓርክ መከፈታቸው ዛፍና ነፋሻ አየር ለራቀው የከተማ ነዋሪ ማረፊያ ሰጥቷል፤ ይህ ሊካድ አይገባውም። ከራስጌ መጀመሩም በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ወንዝ የሚጠራው ከምንጩ ነውና። ይሁን እንጂ ፓርክ የወንዙን ዳር ያለብሳል እንጂ ውሃውን አይፈውስም። በቃሊቲ የተሠራው፣ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የማጣራት ዐቅም ያለው ጣቢያ ማንም ሙሽራ ፎቶግራፍ የማይነሣበት ቦታ ነው። ለወንዙ ውበት የሚሰጠው አገልግሎት ግን ከማናቸውም ባለ መብራት ፏፏቴ ይበልጣል። ብዙው መኖሪያ ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር ሳይገናኝ እስከቀረ ድረስም ጣቢያው የሚያጣራው የደረሰውን ብቻ ነው።

አባ ሳሙኤል የዚህ ሁሉ ምስክር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ማመንጫ ለአሠርት ዓመታት ቆሞ በ2009 ዓ.ም እንደገና ሥራ ጀምሯል። ሐይቁን ግን እምቦጭ የተባለው መጤ አረም ሲወርረው ኖሯል። አረሙን የሚመግበው ከላይ የሚወርደው ፍሳሽ ነው። ፍሳሹን ሳያቆሙ አረሙን መንቀል «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» የተባለውን መፈጸም ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የአትክልት አምራቹ ጉዳይ ነው። በወንዙ ዳር ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን የሚያለማው ገበሬ ምርቱ የሚሸጠው ለዚያው ለራስጌው ከተማ ነው። በአካባቢው አፈርና አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ወሬው በተነሣ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በአምራቹ ላይ ነው። ከላይ ያደፈረሰው ሳይጠየቅ፣ ከታች የቆመው ውሃውን በመጠቀሙ ይወቀሳል። የጅቡ ክስ ማለት ይህ ነው። ማሳው ቢዘጋበት በጤናው የከፈለው ገበሬ በእንጀራውም ዳግመኛ ይከፍላል። ስለሆነም ተፈጥሮን መጠበቅና ፍትሕን ማስፈን ሁለት ሥራዎች አይደሉም፤ አንዱ ያለ ሌላው ሐሰት ነው። በ2017 ዓ.ም ለመልሶ ልማት ከካዛንቺስ ከተነሡት ነዋሪዎች ከፊሎቹ በአቃቂ ቃሊቲ ገላን ጉራ መስፈራቸው ጥያቄውን ያሰፋዋል፤ ትናንት የራስጌ ሰው የነበረ ዛሬ የግርጌ ሰው ሆኗልና።

መፍትሔውን ለማሰብ የሚረዳ ባህል ግን ከሩቅ መዋስ አያስፈልግም። የኦሮሞ ሕዝብ በኢሬቻ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውሃ ይወርዳል፤ የሚወርደው ሊያመሰግን እንጂ ቆሻሻ ሊጥል አይደለም። በዚህ ሥርዓት ውሃ የሁሉም ስለሆነ ክብሩም የሁሉም ነው። ኪነ ጥበብ ከበዓሉ አልባሳትና ጭፈራ አልፎ ይህን ሐሳብ ሊይዝ ይገባዋል። እርጥቡን ሣር የተቀበለው ውሃ በማግሥቱ ምን እንደሚወርድበት የሚጠይቅ ግጥም፣ የቧንቧውንና የፍሳሹን ልውውጥ መድረክ ላይ የሚያወጣ ተውኔት፣ ከቆስጣው መደብ ላይ ሆኖ ከተማውን ሽቅብ የሚያይ ሥዕል ያስፈልጋል። መምህሩም ተማሪዎቹን ወደ ፓርኩ ሲወስድ ጉዞውን እስከ አቃቂ ድልድይ ቢያስረዝመው ትምህርቱ ምሉዕ ይሆናል። የሥራ ኃላፊውም የምረቃ ሪባን ከመቁረጡ በፊት ውሃው ከታች ምን መስሎ እንደሚደርስ ቢጠይቅ መልካም ነው።

አማርኛ ያገር ሰውን «የወንዜ ልጅ» ይለዋል። ቋንቋው ዝምድናን ከወንዝ ጋር ሲያስተሳስር «ከራስጌው ብቻ» ብሎ አልወሰነም። የእንጦጦውም የአቃቂውም ሰው የአንድ ወንዝ ልጅ ነው። የወንዙ ውበት የሚመዘነውም ከምንጩ አጠገብ በተተከለው አበባ ሳይሆን፣ ከታች በኩል ያለው ልጅ ጎንበስ ብሎ እጁን ሲነክር በሚያገኘው ውሃ ነው።